የግራ ዓይኔን አልሰጥም

መጀመሪያ ያየሁት ጥቀርሻ ነው። ከግጥሚያው ማግስት ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ቀና ስል በግራ ዓይኔ ፊት ጥቁር ብናኝ ሲንሳፈፍ አየሁ። ዝንብ መስሎኝ በእጄ አባረርኩት። ዓይኔን ሳዞር አብሮኝ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ በዚያው ዓይን ጥግ፣ በብየዳ ቤት በራፍ ሲያልፉ እንደሚታየው ዓይነት ብርሃን ብልጭ ብሎ ጠፋ። ምንም አያምም። ይህን አስምሩበት፤ ምንም አያምም። ቢያመኝ ኖሮ ያኔውኑ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር። ቦክሰኛ ደግሞ ያላመመውን ነገር ጉዳት ብሎ አይቆጥርም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ እሠራ ነበር፤ በፋብሪካው የቦክስ ቡድንም በቀላል ሚዛን እገጥም ነበር። ማለዳ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንሮጣለን፣ ከዚያ ሥራ፣ ከሥራ መልስ ልምምድ። አሸዋው ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ እሱ ላይ የለመደ እግር ሪንግ ሲወጣ ክብደቱን ይረሳል። ጎበዝ ነበርኩ። ትሕትና የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ዓይኔን ያገኘኝ አውራ ጣት ነው። ጓንቶቹ ያረጁ ነበሩ፤ የአውራ ጣታቸው ስፌት ለቅቆ ለብቻው ይቆማል። ለፍጻሜ ለማለፍ በገጠምነው ግጥሚያ፣ በሁለተኛው ዙር፣ የተጋጣሚዬ ቀኝ ቡጢ ግንባሬን ስቶ አውራ ጣቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዕረፍት ላይ አሠልጣኛችን ጋሽ ሽፈራው በስፖንጅ እያበሰኝ «ይታይሃል?» አለኝ። (ድሬ ላይ አንቱ የምንለው ሰው የለንም፤ ጋሽ ሽፈራውም አንተ ነው።) «ይታየኛል» አልኩት። እውነቴን ነበር። ወጣሁ፣ ሦስተኛውን ዙር ጨረስኩ፣ በነጥብ አሸነፍኩ። ሰዎች ይህን ስነግራቸው በዚያ ዙር እንድጸጸት ይጠብቃሉ። አልጸጸትም። በሕይወቴ ከተጫወትኳቸው ዙሮች ሁሉ ምርጡ እሱ ነው።

ድሉ አዲስ አበባ ለሚደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ አሳለፈኝ። ቀኑ ከክረምት በኋላ ነው። ያሸነፈ ብሔራዊ ቡድን ይገባል። ሌላም ነገር ነበር፤ ዘመኑን ያየ ይረዳኛል። ለቡድኑ የሚገጥም ሰው ለዘመቻ አይጠራም። ከእኛ የሥራ ክፍል ስንቱ ወደ ሰሜን ሄዶ ቀርቷል። እኔን እስከዚያ ቀን ያቆየኝ ጓንቱ ነው።

ስለዚህ ብናኙን ለማንም ሳልናገር ሥራ ገባሁ። ከዚያ ጥላው መጣ። ከአፍንጫዬ በኩል፣ ከታች። ማሽኑ ላይ የተበጠሰ ክር አመለጠኝ። ሌላም አመለጠኝ። ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። የማሽኑ አንድ ጎን የለም።

ክሊኒክ ስሄድ የዓይን ቅባት ሰጡኝ። ባለቤቴ ፋጡማ ቱቦውን አገላብጣ አየችና «ይሄ ዓይነ ማዝ ለያዘው ሕፃን የሚሰጥ ነው» አለች። ያንተ ነገር ሌላ ነው ብላ እጄን ይዛ ወደ ሆስፒታል ጎተተችኝ። ቡጢ ከቦታዬ የማይነቀንቀኝን ሰውዬ በሁለት ጣት ጎተተችኝ።

የዓይን ሐኪሙ ኩባዊ ነበር። ብሌኔን በጠብታ አሰፋው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እያለ በመብራት ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ተናገረ፤ ነርሷ ሲስተር ገነት እያስተረጎመች ነገረችኝ።

«ሬቲናህ ተቀዷል። መላቀቅም ጀምሯል።»

ሬቲና ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሐኪሙ የክፍሉን ግድግዳ በጣቱ አሳየኝ። ዝናብ የገባበት ኖራ ተነሥቶ ተልጧል። «የዓይንህ የውስጥ ግድግዳ እንዲህ እየተነሣ ነው» አለ። «መሃሉ ገና አልተነሣም። መሃሉ ከተነሣ ማንበብ የለም፣ ፊት መለየት የለም። ዛሬ ትተኛለህ።»

«መቼ ነው የምገጥመው?» አልኩት።

ሲስተር ገነት ይህን ለመተርጎም ትንሽ አመነታች። ሐኪሙ ሲሰማ አልተቆጣም። አገጬን ይዞ ፊቴን አዞረ፣ በቅንድቤ ላይ ያሉትን የድሮ ጠባሳዎች በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። በአገሩ ቦክስ እንደኛ ኳስ ነው አሉ። «መጀመሪያ ተኛ» አለኝ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የማውቀው የነገሩኝን ነው። የተቀደደውን ቦታ ክራዮ በሚባል በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ዙሪያውን አጣበቁት። ከዓይኔ ኳስ ውጭ ትንሽ የሲሊኮን ማሰሪያ ሰፉ። ዛሬም እዚያው አለ። ስነቃ ጨለማ ነው። ጮህኩ። ታወርኩ ብዬ ጮህኩ። ፋጡማ እጄን ይዛ ፋሻውን አስነካችኝ። ሁለቱም ዓይኖቼ ታሽገው ነበር፤ ጤነኛው ሲንቀሳቀስ የታመመውን ይዞት ይሄዳል።  ፈርቼ ነበር። ሪንግ ላይ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሐኪሙ ከመውጣቴ በፊት መጥቶ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ተጣብቋል» አለ። «ጠይቀኸኝ ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ጡንቻህ ለግጥሚያ ይደርሳል፣ ልከለክልህም አልችልም። ቦክሰኞች አይሰሙኝም። ይህን ብቻ እወቅ፤ እንደገና ከተላቀቀ መልሼ አላጣብቀውም። የሚያጣብቀውም አታገኝም።»

አልጋው ከግንባር ለሚመጡ ቁስለኞች ስለተፈለገ ወደ ቤት ተላክሁ። ትእዛዙ አጭር ነው። ዓይን እንደታሸገ ይቆያል። በግራ ጎን ብቻ መተኛት። ማጎንበስ የለም፣ አንገት መነቅነቅ የለም፣ ዕቃ ማንሣት የለም፣ ጫት መቃም የለም። በግራ ጎን መተኛቱ አልከበደኝም። በግራ ክርኑ ተደግፎ ከሰዓቱን ሙሉ ማሳለፍ የማይችል የድሬ ሰው አለ? ዕድሜ ልካችንን የተለማመድነው ነገር ነው። የከበደኝ የመጨረሻው ትእዛዝ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ወዳጆቹ ጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በሽተኛው ብቻውን እንዳይውል በርጫው እሱ ቤት ይሆናል። ጋሽ ሽፈራው፣ የልምምድ ጓደኛዬ ሙክታርና ሌሎቹም የቡድኑ ልጆች ምሳ በልተው መጡ። ፋጡማ «አንድ ቅጠል አፉ ከገባ ሁላችሁንም አስወጣለሁ» ብላ ፈቀደች። እኔ በግራ ጎኔ ጋደም አልኩ፣ ዓይኔ እንደታሰረ፣ አፌ ባዶ፣ ጆሮዬ ብቻ ክፍት።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም አዝነው ነበር። ቅጠል ሲቀነጠስ ይሰማኛል፣ ውሃ ሲቀዳ ይሰማኛል። ሙክታር ቀስ ብሎ «አቦ ዓይን ይበልጣል» አለ። «ቦክሱ ጥንቅር ይበል።» ሁሉም እህ አሉ።

ከዚያ ሙቀቱ ጨመረ፣ ድምፃቸውም ጨመረ። የፍጻሜ ተጋጣሚዬን አነሡ። እግሩ ከባድ ነው አሉ። ወገቡን አይጠብቅም አሉ። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ምርቃናው ሲደርስ፣ ያው ሙክታር «ወላሂ እሱ በአንድ ዓይንም ይዘርረዋል» ሲል ሰማሁ። ጋሽ ሽፈራው ተነሥቶ ቆመ፤ ፍራሹ ሲነሣ አወቅሁ። አቋቋሜን እንዴት እንደምገለብጥ፣ ግራ ዓይኔን ከሰውዬው ቀኝ እጅ እንዴት እንደማርቅ አስረዳ። ልጆቹ በአየር ላይ ቡጢ ሲወረውሩ ንፋሱ ፊቴን ነካኝ። የኔም ጡጫ ተጨበጠ። በእነሱ ወሬ ብሔራዊ ቡድን ገባሁ፣ አውሮፕላን ተሳፈርኩ፣ ሜዳሊያ ይዤ በባቡር ድሬ ገባሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ይገጥማል አሉ።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ ዝም አሉ። አንዱ ተነፈሰ። ሌላው የጫማውን ገመድ ሲያስር ሰማሁት። ሙክታር ብቻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «የሰውዬው ቀኝ ግን ከባድ ነው» አለ። ደህና እደር ብለው ወጡ። ፋጡማ ምንጣፉ ላይ የቀረውን የጫት ገረባ እየጠረገች «ያን ሁሉ ቡጢ ማን ሊቀምሰው ነው?» አለች።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ሐዘን፣ ጀግንነት፣ ዝምታ። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ይወዱኛል፣ በአሥር ሰዓት ያሉትን በአሥር ሰዓት ያምኑታል። እኔም ከዚያ በፊት አብሬያቸው ስመረቅን ስለኖርኩ ድምፃችን እንዲህ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ሰምቼው አላውቅም። ተኝቼ አሰብኩ። ከጉንፋን ጋር፣ ከተሰበረ ጣት ጋር፣ ከተሰነጠቀ ጎድን ጋር ልግጠም ብዬ የወሰንኩት ሁሉ በዚያች የምርቃና ሰዓት ነው። ያም ተሳክቶልኝ ነበር። ዓይን ግን ጎድን አይደለም፣ አይጠግግም። ስለዚህ ይህን አንዱን ነገር በጠዋት፣ የፋብሪካው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ፣ ማንም በሌለበት ልወስነው ቆረጥኩ። ፋጡማ ፋሻውን አንሥታ የአትሮፒን ጠብታ ስታደርግልኝ «አልገጥምም» አልኳት።

«መርቅነህ ነው?» አለችኝ።

«ሳልቅም?»

ጠብታው ነው ብላለች፣ እጄ ላይ ግን የወደቀው ሙቅ ነበር።

የፋብሪካው ካድሬ የመጣው በርጫው መሀል ነው። በጫማው ድምፅ ሁሉም አወቁት። ሠራተኛው በሙሉ እንደሚጠብቀኝ ነገረኝ። ለአብዮቱ ደማቸውን የሰጡ እንዳሉ ነገረኝ። ከተኛሁበት ሳልነሣ መለስኩለት፤ መነሣት አልተፈቀደልኝምና።

«ደሜን ሪንጉ ላይ አይተኸዋል። የግራ ዓይኔን አልሰጥም።»

«ካልገጠምክ ከቡድኑ ትወጣለህ» አለ። «ከቡድኑ የወጣ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ።»

ቅጠል የሚቀነጥስ ጠፋ።  አውቃለሁ፣ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ያኔ ጋሽ ሽፈራው ከጥግ ሆኖ «ጓድ፣ ልጁ አልገጥምም ብሏል። እኔም አላስገጥመውም» አለ። ይህን ያለው በአሥር ሰዓት ነው፣ እኔም ከምርቃናው ቆጥሬው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ምንም ሳይቅም ካድሬው ቢሮ ድረስ ሄዶ ደገመው። ከአሠልጣኝነቱ አነሡት። ብዙ ቆይቶ መለሱት።

ካድሬው እኔንም እንዳለው አደረገኝ። ለዘመቻ ከተጠሩት ጋር ተሰለፍኩ። የምልመላው ሐኪም ቀኝ ዓይኔን ሸፍኖ በግራው ጣት አስቆጠረኝ፣ ስፌቱን አየ፣ «ይህ ሰው ጠመንጃ ደቅኖ አንድ ጊዜ ቢተኩስ ዓይኑ ይጠፋል» ብሎ መለሰኝ። የፍጻሜው ዕለት ያ ልገጥመው የነበረው ሰውዬ ያለ ግጥሚያ አሸናፊ መባሉን በሬዲዮ ሰማሁ። አለቀስኩ። ከዚያ ትራሱን በቀኝ እጄ መታሁት፤ አንገቴን ሳላነቃንቅ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘኝ።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነገር ነው፣ ማንም አያጨበጭብለትም። ፋሻው የተፈታ ጊዜ ሁሉም ነገር በውሃ ውስጥ እንዳለ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የፋጡማ ፊት ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ግንባሯ፣ ቀጥሎ ዓይኖቿ፣ በኋላም ሳቅ የያዘው አፏ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እንደ ሽማግሌ በትር ይዤ ደቻቱ ዳር እሄድ ነበር፣ ልጆቹ አሸዋው ላይ ሲሮጡ ቆሜ አያለሁ፣ ጋሽ ሽፈራው ሲመለስ ደግሞ የቡጢ መቀበያ ፓድ እይዝላቸው፣ እግራቸውን አርምላቸው ጀመር፤ የጓንታቸውን አውራ ጣት ስፌት ሳላይ ግን አንዱንም ሪንግ አላስወጣም። ከታች ከአፍንጫዬ በኩል ትንሽ ጥላ ቀርቶብኛል። ክር ግን አያመልጠኝም።

ኩባዊው ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ሳልሰናበተው ቀረሁ፤ ይህን ጽሑፍ አያነበውም፣ ምስጋናዬ ግን የሱ ነው። የሲስተር ገነት ነው፣ አንዲት ቃል ሳታለሰልስ ስለተረጎመችልኝ። የጋሽ ሽፈራው ነው። የፋጡማ ነው፤ የሷን ግን ቤት ውስጥ እየከፈልኩ ነው።

ዛሬ ለምትገጥሙ እንዲህ እላለሁ። ብናኝና ብልጭታ ካያችሁ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ፤ አያምምም ብላችሁ አታሳድሩት። አንዱን ዓይን እየሸፈናችሁ በሌላው የማየት ልማድ ይኑራችሁ። ለመግጠምም ለመተውም የምትወስኑትን በጠዋት ወስኑ፣ ማንም በሌለበት። ከዚያ በኋላ የገጠመም ጀግና ነው፣ የተወም ጀግና ነው፤ ሌላ ሰው ግን አይወስንላችሁ።

ሙክታር አሁን ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ጫማ ይሸጣል። አሁንም አብረን እንቅማለን። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁልጊዜ ያንን የፍጻሜ ግጥሚያ ያነሣል። «ብትገጥም ኖሮ ታሸንፈው ነበር፣ ወላሂ» ይለኛል።

«አሸንፈው ነበር» እለዋለሁ፤ እያልኩትም ሁለቱንም ዓይኖቼን ገልጬ አየዋለሁ።