እስከ ክርስትና ቀን

ከእኔ በፊት በትምህርት ቤታችን ያረገዘች አስተማሪ አልነበረችም። ቀድመውኝ የነበሩት ሁለት ሴቶች ገና ባል ሲያገቡ ጠመኔውን አስቀምጠው ሄደዋል፤ አንዷ ወደ ደባርቅ፣ አንዷ ወደ አይከል። እኔ ግን አግብቼም አልሄድኩም። ይህ ብቻውን ለባልደረቦቼ በቂ ጉድ ነበር። በዓመቱ መስከረም ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ሆዴን አስቀድሜ ገባሁ። ወንዶቹ መምህራን ቀና ብለው ሰላም ማለት እንኳ ቸገራቸው። ሁሉም ልጆች አሏቸው፤ ልጆቹ በምን በኩል እንደመጡ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የጠረጠሩ አይመስሉም።

ዘመኑ ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ አሥር ዓመት ያለፈው ነው። ትምህርት ቤታችንም ጣሊያን ለወታደሮቹ የሠራው ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ዝናብ ሲጥል አስተማሪ ይጮኻል፣ ተማሪ አይሰማም። እኔ አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ያንን ክፍል እወደው ነበር። ክፍልፋይ ሲያስተምሩ አንድ ልጅ ድንገት ገብቶት ዓይኑ የሚበራበት ጊዜ አለ፤ እሱን ለማየት ስል በጠዋት እነሳ ነበር። ዛሬ ሳልደብቅ እናገረዋለሁ። ያኔ ብናገረው ኖሮ ባሏን አትወድም ይሉኝ ነበር።

ዲሬክተራችን ብዙ ዘመን ዜማና ቅኔ ተምሮ፣ በኋላ አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ሠልጥኖ የተሾመ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ግን «በከመ ልማድ» ይላል፤ ስለ ትምህርት ቤት ደግሞ የማያውቀው ብዙ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሲለው ይውላል። ስለ ሆዴ ለጠቅላይ ግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት ጻፈ። መልሱ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሲመጣ አንድ መስመር ነበር፦ እንደ ልማዱ ይፈጸም። የትኛው ልማድ? ልማዱማ ሲያገቡ መጥፋት ነበር።

ስለዚህ ዲሬክተሩ ልማድ ሊፈጥር ቢሮው ጠራኝ። ሥራ መቼ እንደማቆም ምርጫው የእኔ እንደሆነ፣ እሱ ሴትን እንደማያስገድድ በሰፊው ነገረኝ። ልቤ ረጋ ሲል ቀጠለ። ፈቃዱ አርባ ቀን ነው፤ ከመውለዴ በፊት ቤት የተቀመጥኩበት እያንዳንዱ ቀን ከአርባው ላይ ይነሳል። አርባው ባለቀ በማግስቱ ካልተገኘሁ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል።

ሌላው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የዲሬክተሩ ሚስት ወንድም ከጥቅምት ጀምሮ «ሥራ ይልመድ» ተብሎ ከክፍሌ ኋላ ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል። ክፍልፋይ አያውቅም፤ ልጆቹ ሲስቁ እሱም ይስቃል። ቀሪውን ሰዓት ሆዴን ያያል፤ ጎረቤቱ ያልሰበሰበውን ገብስ እንደሚያይ ገበሬ።

እንግዲህ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ባርፍ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሳምንት ባርፍ ሠላሳ ሦስት። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኛል፤ የባሌን ጫማ ነው የምጫማው። ወገቤ ይቆረጣል። ግን መቼ ላቁም? መቼ እንደምወልድ ካላወቅኩ ከየት ቀን ላይ ልቀንስ? ይህን የማያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዲሬክተሩ እንኳ ያውቃል። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው አለኝ፤ እመቤታችን ከመጋቢት ሃያ ዘጠኝ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው የተሸከመችው፣ አምስቱ ቀን ጳጉሜን ናት። ቀጥሎ እስክሪብቶውን አንስቶ የእኔ መነሻ ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይህችን እንኳ ለባሌ ይተዉለት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላስታውስም አልኩና ወጣሁ።

ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። የተጠየቀውን ነገር ሁሉ በቀጠሮ ማሳደር ሥራውም ጠባዩም ነበር። መቼ ላቁም ስለው «አንቺ እንዳልሽ» አለኝ። በማግስቱ ብጠይቀው «አንቺ እንዳልሽ»። እንዲህ ያለ ባል ማን አገኘ ብዬ ኮርቼ ነበር፤ አወይ እኔ!

አንድ ቀን ያ ከኋላ የሚቀመጠው ሰውዬ በዕረፍት ሰዓት ቆብ አውልቆ ቀረበኝና አመሰገነኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ባለቤትዎ ነግሮናል» አለ። ባሌ ጠጅ ቤት ከዲሬክተሩ ጋር ተቀምጦ፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ ቤቷ ትቀመጣለች ብሎ ቃል ሰጥቷል ለካ። ጓደኞቹ ሚስትህ ታበላሃለች እያሉ ሲቀልዱበት አላስችል ብሎት ነው። ማታ ራት ላይ ስጠይቀው ሽሮውን እያየ ለአንቺ አዝኜ ነው አለ። ያዘነልኝን ያህል ቢፈራኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን አላናገርኩትም፤ እሱም ያኮረፍኩት ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ መስሎት በአራተኛው ቀን ብርቱካን ገዝቶ መጣ።

አማቴ በኅዳር ልታሳርሰኝ መጣች። ከመካነ ብርሃን ማዶ ካለው አገሯ ደባርቅ ድረስ በበቅሎ፣ ከዚያ በማኪና። ማኪናው አጥወልውሏት ሁለት ቀን ተኛችና የተነሳች ዕለት ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቆሜ ለልጆች ሒሳብ እነግራለሁ፣ መቼ እንደማቆም ግን ቸግሮኛል አልኳት።

«ቆሞ ማውራት ነዋ» አለች። «ታዲያ ምነው ታቆሚያለሽ? እኔ ባልሽን የገብስ አረም ላይ ነው የወለድኩት። አረሙንም ጨርሻለሁ።»

ከእሷ የጠበቅኩት ተቀመጪ፣ ቡዳ ይበላሻል፣ አርባ ልጅ ፊት አትቁሚ የሚል ነበር። በዚያ ቤት ሥራሽን አታቁሚ ያለችኝ ፊደል ያልቆጠረችው ሴትዮ ብቻ ሆነች። ሆዴን ዳበስ ዳበስ አደረገችና ደግሞ ወንድ ነው፣ ሸጋ ወንድ ነው ብላ ፈረደች። ሁሉም ወንድ ነው አለ። ሆዷ ሾሏል፣ ፊቷ ጠቁሯል፣ ጎምዛዛ አምሯታል። ዲሬክተሩ ደግሞ የራሱ ምልክት ነበረው፦ እርጉዝ ደፍ ስትሻገር ቀኝ እግሯን ካስቀደመች ወንድ ነው። ስንት ጠዋት በክፍሌ በር ቆሞ እግሬን ሲያይ ነበር! አንድ የተማረ ሰው፣ ከረባት ያሰረ።

ዲሬክተሩን የፈቃዱን ቃል በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። የባሌ ቃል ጠጅ ቤት ስለዋለ የማንንም አፍ ማመን ትቼ ነበር። ደስ ብሎት ጻፈ፤ መጻፍ ይወዳል። ደብዳቤው ለሁለት ጣቃ ጨርቅ የሚበቃ አርዕስት ነበረው፤ አርባ ቀን ብሎ መጻፍ ግን የነጋዴ አነጋገር መሰለው መሰል፣ ቁጥሩን ትቶ «እንደ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከወሊድ እስከ ክርስትና ቀን ድረስ» አለ። ማኅተም መታበት። አንዱን ቅጂ ለጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ላከ።

አነበብኩት። ቆሜ እንደገና አነበብኩት። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሳ እንኳን የቅኔ ተማሪ፣ የደጃችን እረኛ ያውቀዋል። እሱም ጠፍቶት አይደለም፤ ወንድ መሆኑን በቀኝ እግሬ አረጋግጧልና ሴት የምትባል ነገር ትዝ አላለችውም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቴ ለወንድ ትጸልያለች፣ ባሌ ለወንድ ይጸልያል፣ ያ ከኋላ የሚቀመጠውም ሳይጸልይ አይቀርም። እኔ ብቻዬን ሴት እንድትሆን ተሳልኩ። ኃጢአት ይሁን ጽድቅ አላውቅም፤ የነፍስ አባቴንም አልጠየቅኳቸው። በቃ፣ መቼ እንደማቆምም ወሰንኩ፦ አላቆምም። ምጡ ራሱ ያስቁመኝ። ቀን የምቀንስለት ሰው የለም።

ታኅሣሥ ገባ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ እኔ ግን ላብ በላብ ነበርኩ። ሰሌዳ ስጽፍ አንድ እጄን ግድግዳው ላይ እደገፋለሁ። ልጆቹ ጠመኔ ሲወድቅብኝ ተሽቀዳድመው ያነሱልኝ ነበር፤ በዚያ ትምህርት ቤት ክብር ያሳዩኝ እነሱ ብቻ ናቸው። አንድ ጠዋት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ግማሽና አንድ ሦስተኛ እንዴት እንደሚደመር እያሳየሁ ሳለ ወገቤን ቆርጦ ያዘኝ። ቆም አልኩ። ተወኝ። የጋራውን ታሕት ጻፍኩ። እንደገና ያዘኝ። ውጤቱን አምስት ስድስተኛ ብዬ ጽፌ፣ ጠመኔውን አስቀምጬ፣ የተሰጣችሁን ሥሩ አልኳቸው። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ከወንበሩ ተነስቶ ሰሌዳው ዘንድ ደርሶ ነበር፤ እኔ ገና በሩን አላለፍኩም።

ቀትር አልፎ፣ ማርያም ማርያም ሲባል ውሎ፣ ወለድኩ። እልልታው ሦስት ላይ ቆመ። ለወንድ ሰባት ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ሳቄ መጣ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። አዋላጇ አሟታል መሰለኝ ብላ ግንባሬን ነካች። ባሌ ከደጅ ሆኖ ብቻ ጤና ትሁን አለ፤ ሰው እህሉን ዝናብ ሲመታበት እንዲህ ነው የሚለው። አማቴ ፊቷን አጥቁራ ልጅቷን አጠበች፣ ጠቀለለች፣ አየቻት። ደጋግማ አየቻት። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው አልሰጥ ብላ አመሸች።

በአርባኛው ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ። ዲሬክተሩ ልኮት ነው፤ ምን ወለደች ብሎ ሳይጠይቅ፣ ክርስትናው ዛሬ ከሆነ ነገ ሥራ ትግባ ብሏል። አማቴ ወጣች። ደብዳቤውን አንብቤላት ስለነበር ነገሩን ከእኔ በላይ ታጣጥመዋለች።

«አያ፣ ሂድና ንገረው» አለችው። «ልጅቷ ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያን ተምሯል አሉ፤ ሰማንያው ጠፍቶት እንደሁ እኔ መጥቼ ላስተምረው።»

እሁድ ዲሬክተሩ ራሱ መጣ። የአራስ ገንፎ አቀረብንለት፤ በላ። ክርስትናውን ማስቀደም አይቻልም ወይ እንዳይል ሥርዓቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አራስ ትውጣና ታስተምር እንዳይል ይህንንም ያውቀዋል። ደብዳቤው ከነማኅተሙ ጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ተቀምጧል። ስለ ተማሪዎቼ ብጠይቀው ገንፎውን አመሰገነ። በኋላ እንደሰማሁት የሚስቱ ወንድም ግማሽና አንድ ሦስተኛ ደምሮ ሁለት አምስተኛ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር፤ የሚያስቀው ደግሞ ያልተስማማውን መቅጣቱ ነው። ዲሬክተሩ ሲወጣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለኝ፤ እንደ ክስ አድርጎ ነበር ያለው።

በሰማንያ አንደኛው ቀን ክፍሌ ገባሁ። ክፍሉ የእኔ ነበር፤ ማንም አልወሰደብኝም። ያ ሰውዬ ግብረ ገብ እንዲያስተምር ተዛወረ፤ እዚያ መደመር የለም። ዲሬክተሩ ግን አንድ ነገር ቀርቶት ነበር፦ ሕፃን ከግቢ እንዳይገባ፣ ማጥባትም በዕረፍት ሰዓት ብቻ እንዲሆን አዘዘ። አማቴ ልጅቷን አዝላ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመረች። እኔም ደወል እየጠበቅኩ እየሮጥኩ እወጣለሁ፣ አጥብቼ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ክፍሌን ላለማጣት ሁሉንም እሺ አልኩ።

ስድስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሰባተኛው ቀን፣ ለዕረፍት ገና ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ልጄ አለቀሰች። ቀስ ብላ ጀምራ ጮኸች። ልጆቹ መጻፋቸውን ትተው አዩኝ። ጡቴ አግቶ ቀሚሴን አረጠበው። እፍረትም ንዴትም አንድ ላይ ያዙኝ። እዚያው ቆሜ ሰዓቱን አየሁ፤ አሁንም ሃያ አምስት ደቂቃ። አስተማሪነቴ ከቀረም ይቅር አልኩ። ገጹን ሥሩ ብያቸው ወጣሁ።

ዲሬክተሩ መተላለፊያው ላይ አገኘኝ።

«ደወል አልተደወለም። ፈቃድ ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅኩም» አልኩት። አልፌው ሄድኩ። እጁን እንኳ አላነሳም፤ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ልማድ አልነበረም።

ዘበኛው በሩን ከፈተልኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጄን ተቀበልኩ፣ ጡቴን ያዘች። አማቴ ነጠላዋን አራግፋ ከነፋሱ ጋረደችንና፣

«ምነው እንዲህ ዘገየሽ?» አለችኝ።

ፈቃድ ስጠብቅ ነበር ልላት አፈርኩ።