ከመርከብ ወርጄ ጀልባ የተሳፈርኩበት ማክሰኞ

ታላቅ ወንድሜ ኃይሉ የሞተው ሰኞ ነው። እኔ የሰማሁት ረቡዕ ጠዋት ነው። የምጽፈው በመካከል ስላለችው ማክሰኞ ነው። ስለ ሰኞ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ማክሰኞ ግን ታስቃለች። ያን ቀን ሲያትል ውስጥ ሦስት ሆነን ስንዞር ሁለቱ ያውቁ ነበር። ሦስተኛው፣ ማለትም እኔ፣ ስበላና ስጨቃጨቅ ዋልኩ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በነሐሴ ነው። ያኔ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ አላስካ በምትሄድ የሽርሽር መርከብ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ክፍሉ ከታች ስለሆነ መስኮት የለውም። ሁለት ወር ሙሉ በባሕር ተጉዤ፣ ባሕሩን የማየው ለምሳ ወደ ላይ ስወጣ ብቻ ነበር። መርከቧ በዚያ ክረምት ሲያትል የምትቆመው አንዴ ብቻ፣ ለአንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ኃይሉ የሚኖረው እዚያ ነበር፤ ሶዶ በሚባል የከተማው ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ይሠራ ነበር። ከተያየን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር።

ሲያትል ለሚወርዱ መንገደኞች ሁለት ዓይነት ጉብኝት ይሸጥ ነበር። አንዱ ሐይቅ ላይ ተነሥቶ ሐይቅ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን፣ ሌላው በጀልባ። የቱ እንደሚሻል ለኃይሉ በደብዳቤ ጠየቅሁት። እንዲህ ብሎ መለሰ፦ «ጀልባ የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ። አንተ የምትኖረው ውሃ ላይ አይደለም እንዴ? ለሁለት ሰው አውሮፕላን አስይዣለሁ። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት። ደግሞ ክርክራችንን አልረሳሁም።»

ክርክሩ የልጅነት ነው። ያደግነው ደብረ ዘይት ነው፤ አውሮፕላንም ሐይቅም ሞልቶናል። ኃይሉ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን አለ ብሎ ነገረኝ። እኔ ይሰጥማል አልኩ። አይሰጥምም አለ። ተደባደብን። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ እሱ ተገረፈ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወደቡ ላይ

ከመርከቧ ስወርድ ኃይሉ አልነበረም። የቆሙት ጋሽ ወርቁና እትዬ ማርታ ነበሩ። ጋሽ ወርቁ የደብረ ዘይት ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴን እንደ እህታቸው ያዩዋታል። ሲያትል መሀል ከተማ ፓርኪንግ ሎት ይሠሩ ነበር። እትዬ ማርታ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር የሚኖሩት፣ ለኃይሉ አንድ ክፍል ያከራዩት ሴት ናቸው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፣ እሑድ እሑድ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ። አቅፈውኝ አልለቅ አሉ። ገና መተዋወቃችን ስለነበር ትንሽ አፈርኩ።

«ኃይሉስ?» አልኩ።

«ስፖካን!» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ገና አፌን ሳልዘጋ። «አለቃው ድንገት ይዞት ሄደ። ሥራ ነው እንግዲህ። ማታ ይመጣል። ሶ፣ እስከዚያ እኛ እናዞርሃለን።»

«ማታ እኮ እኔ የለሁም! መርከቡ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል። ኮል እንኳ አላደረገም?» ብዬ ወደ እትዬ ማርታ ዞርኩ።

እትዬ ማርታ ጋሽ ወርቁን አዩ። መሬቱን አዩ። «ሽንት ቤት በየት በኩል ነው?» አሉና ሄዱ።

እትዬ ማርታ አይዋሹም። ቢገደሉ አይዋሹም። ስለዚህ ስለ ኃይሉ በጠየቅሁ ቁጥር ሽንት ቤት ይሄዱ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። ስኳር በሽታ አለባቸው ብዬ ከልቤ አዘንኩላቸው።

አሁን ሳስበው የተሰጣቸው ሥራ ከባድ ነበር። መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ወደብ ላይ፣ ቦርሳ ለተሸከመ ሰው አይነገርም። በልቶ፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። አጎቴ ከሎስ አንጀለስ የሚደርሰው ደግሞ ማታ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ የታዘዘው ይህ ነበር፦ አብሉት፤ መርከቡ ያምልጠው።

እስከ ቀትር፣ ምግብ

መጀመሪያ ዶናት፣ ሦስት። ከዚያ የዓሣ ጥብስ ከድንች ጋር፣ በሁለት ዶላር ከሰማንያ። ከዚያ ነጭ የባሕር ሾርባ። ጋሽ ወርቁ ፍልሰታን ስለሚጾሙ ራሳቸው አይቀምሱም፤ ለእኔ ግን እየደጋገሙ ያዝዛሉ።

«ብላ፣ ከስተሃል።»

«ጋሽ፣ መርከብ ላይ በቀን አራት ጊዜ ነው የምንበላው።»

«የመርከብ ምግብ ምግብ ነው? ማርታ፣ ያንን ዳቦ ጨምሪለት።»

እትዬ ማርታ ይህን በደስታ አደረጉ። ዳቦ መጨመር ውሸት አይደለም።

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ሐይቁ

ሌክ ዩኒየን ከተማው መሀል ያለ ሐይቅ ነው። የአውሮፕላኑና የጀልባው መሳፈሪያ ጎን ለጎን ናቸው። አውሮፕላኑ ነጭ ነው፣ በእግሩ ፋንታ ሁለት ረጃጅም ታንኳ የመሰሉ ነገሮች አሉት፤ ለሃያ ደቂቃ በሰው ሠላሳ አምስት ዶላር። ጀልባው ደግሞ በዘጠኝ ዶላር ሁለት ሰዓት ተኩል ያዞራል።

ወደ አውሮፕላኑ ቢሮ ገባሁ። መዝገብ የያዘችው ልጅ ስማችንን አገኘችው።

«ኃይሉና ብሩክ። አንዱ መቶ አርባ አምስት ፓውንድ፣ ሌላው ሁለት መቶ።»

«ሁለት መቶ ማነው? ሁለታችንም መቶ አርባ አምስት ነን።»

«ወንድምህ ነው ያስመዘገበው፤ ‹ታናሽ ወንድሜ ሆዳም ነው፣ እስከዚያ ሁለት መቶ ይገባል› ብሎኛል» አለችና ሳቀች።

በበላሁት ልክ ሊሆን ይችላል። «እሱ የለም፣ ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኳት።

ጋሽ ወርቁ ከኋላ ቀበቶዬን ያዙ። «አይሆንም!»

«ሃያ ደቂቃ እኮ ነው!»

«አንድ ሞተር! አየሁት፣ አንድ ሞተር ብቻ ነው ያለው!»

«የእርስዎም መኪና አንድ ሞተር ነው ያለው።»

«የእኔ መሬት ላይ ነው የሚሄደው! አንተም አንድ ነገር ብትሆን ለእናትህ ምን እላታለሁ?»

«አንተም» ማለታቸውን ያኔ አላስተዋልኩም። ተናድጄ ነበርና እንዲህ አልኩ፦ «ወንድሜ ፈሪ ነው። ስፖካን የሄደው ለሥራ አይደለም። አውሮፕላኑን አይቶ ነው የሸሸው።»

ጋሽ ወርቁ ሳቁ። ጮክ ብለው፣ ብዙ ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠርጉ ድረስ። እትዬ ማርታ ሽንት ቤት ሄዱ። ያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ መልሼ ልውጠው የምፈልገው ይህን ነው። ጋሽ ወርቁ ግን ኋላ እንዳላፍር ብለው ሳቁልኝ።

ቀበቶዬን ስላልለቀቁ ጀልባ ተሳፈርኩ።

ጀልባው ላይ

መልካም ጀልባ ነው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ወንበሩ እንጨት ነው፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው ሁሉ ካሜራ ይዟል። በግራም በቀኝም ውሃ ላይ የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ አንዷ ሴትዮ ደጃፏ ላይ ቆማ አበባ ታጠጣለች፣ በሐይቅ ላይ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አውሮፕላኑ ውሃውን እየሰነጠቀ ባጠገባችን አለፈና ተነሣ። ሁለት ወንበር ባዶ ይዞ ነው የሄደው። «ያው የእኛ ቦታ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነፋሱ እንዳይወስድባቸው ነው አልኩ በልቤ።

ሐይቁ ከባሕሩ ከፍ ስለሚል፣ ወደ ባሕሩ የሚወጣ ጀልባ በትልልቅ የብረት በሮች መካከል ገብቶ ይቆማል። በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይቀነሳል፣ ጀልባው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ገመድ የሚወረውሩት ሠራተኞች አይቸኩሉም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ጋሽ ወርቁ «ቀስ ይበሉ፣ ቀስ ይበሉ፣ ጥንቃቄ ጥሩ ነው» ይላሉ። ከአውሮፕላንና ከጀልባ የቱን ልምረጥ የሚል አንባቢ ካለ፣ ጀልባው የማይቸኩል ሰው ነው የሚያስፈልገው። ክፉ ወሬ ይዞ እስኪነጋ ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከእሱ የሚስማማ የለም።

ባሕሩ ላይ ስንወጣ መርከቤን በሩቅ አየኋት። ቆማለች። እኔ ከእሷ ወርጄ፣ ዘጠኝ ዶላር ተከፍሎልኝ፣ እሷኑ እጎበኛለሁ።

«ኃይሉ ይህን ቢያይ ይስቅብኝ ነበር። ለመሆኑ አሁን የት ደርሷል?»

«አሁን... ፖርትላንድ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ስፖካን አላሉም?»

«በፖርትላንድ አድርጎ ነው የሚመለሰው።»

ስንመለስ ደግሜ ብጠይቅ ታኮማ አሉ። ወንድሜ በአንድ ቀን ሦስት ከተማ አዳረሰ።

አሥር ሰዓት ከሩብ፣ የጠፋው መኪና

ከጀልባው ስንወርድ አርባ አምስት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ጋሽ ወርቁ መንገድ ላይ ቆመው ኪሳቸውን ዳሰሱ።

«መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግሁ ጠፋኝ።»

እኚህ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲያቆሙ የኖሩ ናቸው። ስልሳ መኪና የት እንዳለ ሳይጽፉ ይይዛሉ እየተባለ ይወራላቸዋል። ሁለት መንገድ ወጣን፣ ሁለት ወረድን። በሦስተኛው ቡናማዋን መኪና አየሁ።

«ያቻት!»

«የእኔ አይደለችም።»

«ጋሽ! ዶናታችን ወንበሩ ላይ አለ!»

«ዶናት የሚበላው እኛ ብቻ ነን እንዴ?»

«እትዬ ማርታ፣ ይቺ መኪና የእሳቸው አይደለችም?»

እትዬ ማርታ መኪናዋን አዩ። ሰማዩን አዩ። በአካባቢው ሽንት ቤት አልነበረም። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ ሳቅ ይዟቸው ነው ብዬ ይበልጥ ተናደድኩ። ታክሲ ልጠራ ስሮጥ ቀበቶዬ እንደገና ተያዘ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመርከቧ ድምፅ እስከ ሐይቁ ድረስ ተሰማ። ጋሽ ወርቁ እስኪያበቃ አዳመጡ። ከዚያ «አሁን ትዝ አለኝ» አሉና ቀጥ ብለው ሄደው ቡናማዋን መኪና ከፈቱ።

እስከ ሌክ ሲቲ አላናገርኳቸውም። ስንደርስ «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። መኪና ለጠፋበት ሰው ይህ ይቅርታ በዛ። እራት ተኮሳትሬ በላሁ፣ ሁለት ጊዜ። እትዬ ማርታ የኃይሉን ክፍል ከፈቱልኝ። ጫማው አልጋው ሥር ነበር። ሲመጣ ወለል ላይ ይተኛል ብዬ አልጋው መሀል ተንጋልዬ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ተቀሰቀስኩ። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። አጎቴ አለ። ሁሉም ጥቁር ለብሷል። መርዶውን እንዲናገሩ የተመረጡት ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ተነሡና «ብሩክ... ስፖካን አይደለም የሄደው» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልቻሉም።

የነገሩኝ እትዬ ማርታ ናቸው። ሰኞ ከሥራ ሲወጣ መኪና ገጭቶት እንደነበር፣ ሆስፒታል ሳይደርስ እንዳረፈ፣ ሁሉንም ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ቀኑን ሙሉ ይዘውት የዋሉትን።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት አልጽፈውም።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተባለ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ፊቴን ታጥቤ መጣሁና ወደ ሐይቁ እሄዳለሁ አልኩ።

«ምን ልታደርግ?» አለ አጎቴ።

«አውሮፕላን ልሳፈር።»

ቤቱ ታወከ። «ቀብር ሳይወጣ ሽርሽር? ሰው ምን ይላል?» አለ አጎቴ። አንዲት ሴትዮ ልጁ አእምሮውን ነካው ብላ ውሃ ልታመጣ ሮጠች። ጋሽ ወርቁ ብቻ ኮታቸውን ለበሱ። «አብሬው እሄዳለሁ» አሉ። መኪናቸውን ለማግኘት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

መዝገብ የያዘችው ልጅ አወቀችኝ። «ወንድምህ መጣ?»

«አልመጣም። በእሱ ፋንታ እሳቸው ናቸው።»

ጋሽ ወርቁን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ክብደት?»

«ሁለት መቶ» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው።

መዝገቡ የትናንቱ ነበር። አንዱ መቶ አርባ አምስት፣ ሌላው ሁለት መቶ። ምንም መሰረዝ አላስፈለጋትም።

ጋሽ ወርቁ አማትበው ገቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቀበቶዬን ያዙ። ሞተሩ ሲጮህ የሆነ መዝሙር ጀምረው አቋረጡት። ተነሣን።

«ምን ይታያል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሐይቁ፣ ቤቶቹ፣ የብረት በሮቹ እንደ ክብሪት ቀፎ። መርከቤ ቆማበት የነበረው ወደብ፣ ባዶ። ወዲያ ማዶ የሶዶ መጋዘኖች ጣራ። የቱ የእሱ እንደሆነ አላወቅሁም። ሁሉንም አየሁ። ጮክ ብዬ ነበር የምናገረው፤ አብራሪው ዞሮ አየኝ።

ከዚያ ወረድን። ውሃው እየቀረበ መጣ፣ ከታች አንድ ነገር መታን፣ ነጭ አረፋ መስኮቱን ሸፈነው። የጋሽ ወርቁ እጅ ቀበቶዬን ሊበጥሰው ደረሰ።

«ሰጠምን?» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሐይቁን አየሁት። አውሮፕላኑ እንደ ዳክዬ ተቀምጦ ይንሳፈፋል።

«አልሰጠምንም፣ ጋሽ» አልኳቸው። «ኃይሉ ነው የረታው።»