ከእንቅልፏ የቀነስኩት

የታናሽ ወንድሜ ልጅ ከኑኑ ቁምባ መጥታ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ እኔ ቤት ስትቀመጥ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ ነው። ወንድሜ፣ «ካለፈች እዚሁ አንቺ ጋ ትማራለች። ከወደቀች ግን የሚጠይቋት ሰዎች አሉ፣ እድራታለሁ» ብሎ ነው የሰጠኝ። እኔ አስተማሪ ነኝ። አስተማሪ ቤት ተቀምጣ ብትወድቅ የማን ስም እንደሚጠፋ አሳምሬ አውቅ ነበር።

ስለዚህ እንቅልፏን ቀነስኩት። አራት ሰዓት ላይ ትተኛ የነበረችውን መጀመሪያ ስድስት አደረግኩት፣ ፈተናው ሲቃረብ ስምንት። መነሻዋ አሥራ አንድ ሰዓት እንደሆነ ቀረ። እንዳታንቀላፋ ማታም ንጋት ላይም ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ እግሯን ነክራ ታጠናለች። እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው። ልዩነቱ፣ እኔ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ብርድ ልብሴን ተከናንቤያለሁ። ጠዋት የእግሯን ጣቶች አያለሁ፤ ካልተጨማደዱ ከሳፋው አውጥታ ተኝታለች ማለት ነው፣ ቁርስ የለም።

«አዳዳ» አለችኝ አንድ ቀን፤ የአባቷ እህት ስለሆንኩ እንዲያ ነው የምትጠራኝ። «ያነበብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል።»

«ስለማትደጋግሚው ነው።»

ሳህን ከእጇ ወደቀ፣ ሰደብኳት። ቸርች ውስጥ አንቀላፋች፣ ቆነጠጥኳት። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲታዘዝልኝ ደስ ይለኛል።

በፈተናው ቀን እኔ ሌላ ትምህርት ቤት ፈታኝ ሆኜ ተመደብኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ እሷን የፈተናት የቸርቻችን ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኘኝ፤ ፊቱ በርቷል። እዚህ አገር ብዙ ተማሪ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ግንባሩን ዴስክ ላይ ደፍቶ ይጸልያል፣ ፈታኝም አይነካውም።

«ኦቦሌቲ፣ እህቴ» አለኝ፣ «ልጅሽ እንዴት ያለ ጸሎት አላት። ሒሳብ ላይ እንደተደፋች ቀረች። አብሮኝ የሚፈትነው ሊነካት ሲል፣ ከአምላኳ ጋር ናት፣ ተዋት አልኩት።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ደወል እስኪደወል።»

«ተባረክ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ውጤት መጣ፤ ሒሳብ ጣላት። ወንድሜ ሊወስዳት መጥቶ ሳሎን ተቀመጠ። ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን ሆና ነው? ጎበዝ ነበረች እኮ» አለኝ።

«እንቅልፍ ትወዳለች» አልኩት።

ዞሮ አያት። እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር። «እውነቷን ነው፣ አባ» አለችው።

በዓመቱ ዳራት። ሰርጉ ላይ ተገኝቼ በልቻለሁ። ወንድሜን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ እስካሁን አልነገርኩትም።