ዳለቻ የምትልሰው ጥግ

ጨው ሲረጥብ ይሸታል ብል ማን ያምነኛል? እኔ ግን ይሸተኛል። ትናንት፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ውሎ፣ የማጀቴ የጨው ዕቃ ውሃ አቅርሮ አገኘሁት። ክዳኑን ስከፍተው የመጣብኝ የጨው ሽታ ብቻ አልነበረም፤ እርጥብ ቆዳ፣ ጭድ፣ የላም ትንፋሽም አብሮ መጣ። ከዚያ ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ሻካራ ምላስ ጠጉር ላይ ሲሄድ ሽርር፣ ሽርር የሚለው።

ቁጭ በልማ፣ ልንገርህ። ያደግሁት ጎንደር፣ ቁስቋም ነው፤ ከፍርስራሹ ግንብ ዝቅ ብሎ። አባቴ ከሞተ በኋላ የቤታችን ቀለብም፣ የእኔ ትምህርትም ያለው በአንዲት ላም ላይ ነበር። አመድ መልክ ስላላት ዳለቻ እንላታለን። እናቴ ጧት ታልባለች፤ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ወተቱን በቢጫ ጀሪካን ይዤ ለደንበኞቻችን አደርሳለሁ።

አንድ ክረምት ጥጃዋ ሞተ። ጥጃ የሞተባት ላም ደግሞ ወተቷን ትይዛለች፤ ብታባብላት፣ ብታሻት አታወርድም። እናቴ ልጅ ሆና በትውልድ አገሯ በድብ ባሕር ሲደረግ ያየችውን አደረገች። የጥጃውን ቆዳ አስገፍፋ ጭድ ሞላችው፣ በአራት እንጨት በረቱ ጥግ አቆመችው፣ ጀርባውን በጨው ውሃ አሸችው። ዳለቻ ቀረበች፣ አሸተተችው፣ ትልሰው ጀመር። ወዲያው ግቷ ተወጠረና ወተቱ ማለቢያ ግሬራው ውስጥ ይንፎለፎል ጀመር።

እኔ ግን ያንን ነገር እፈራው ነበር። ዓይን የለውም፤ ዓይኑ በነበረበት ቦታ ጭድ ብቅ ብሏል። ስትልሰው ስለምታድር ጧት በሩን ስከፍት ሁልጊዜ ርጥብ ነው፤ ጠጉሩ አሁን እንደተወለደ ጥጃ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። አንዳንድ ቀን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይጠብቀኛል። ላሟ ገፍታው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ፍርሃቴን አላቀለለልኝም።

"ምነው ትፈሪዋለሽ? ጭድ እኮ ነው" ትለኛለች እናቴ። እሷም ብትሆን ስታልብ ጀርባዋን አትሰጠውም ነበር።

ደንቡ የመጣው ያኔ ነው። ጥሬ ወተት የሚሸጥ ሁሉ በረቱ ታይቶ ፈቃድ ካላገኘ መሸጥ አይችልም ተባለ። ሊሾ ወለል ያስፈልጋል፣ ጀሪካን ቀርቶ የብረት ዕቃ ያስፈልጋል። ሊያይ የመጣው ተቆጣጣሪ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ የላስቲክ ቦቲ ያደረገ ትሁት ወጣት ነበር። ጀሪካኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ የአፈሩን ወለል አየ፤ ጥጉን ሲያይ ወደ ኋላው ሸሸ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጥጃዋ ነው፣ የኔ ጌታ።"

"እማማ፣ ይሄ እኮ የሞተ ነው።"

"እሱማ ሞቷል። እሷ አታውቅም እንጂ።"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። ከቆዳው በሽታ ወደ ወተቱ ሊገባ እንደሚችል ቀስ ብሎ አስረዳት፤ እውነቱን ነበር። ሊሾው ካልተሠራና ይህ ነገር ከበረቱ ካልወጣ ፈቃድ የለም አለ። እሱ ሲሄድ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ቆዳው ከወጣ ወተት የለም፤ ካልወጣ ገዢ የለም። "እንግዲህ ምን ይሻለኛል?" አለች፤ የምትጠይቀው እኔን አልነበረም።

የጆሮ ጌጧን ሸጣ ሲሚንቶ ገዛች። ግንበኛው በሚመጣበት ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝ። ጭጋግ በረቱ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ጥጃው ይቆምበት የነበረውን ቦታ ቆፍራ ጠብቃኛለች። የኋላ እግሮቹን ስይዝ ሞቁኝ፤ የላሟ ትንፋሽ ነው አልሁ ለራሴ።

"ምነው ሩቅ ወስደን አንጥለውም?" አልኋት።

"ከእግሯ ሥር ይሁንላት። ጨርሳ ካጣችው ታብዳለች።"

እፍኝ ጨው በተነችበት፤ አፈር መለስንበት። ግንበኛው ምንም ሳያውቅ ሊሾውን ሠርቶበት ሄደ።

ሊሾው እስኪደርቅ ዳለቻ ውጭ ታሰረች። አንዲት ጠብታ አላወረደችም፤ ስትጮህ ትውላለች፣ ስትጮህ ታድራለች። እናቴም እህል አልቀመስ አላት። ተቆጣጣሪው ተመልሶ ሲመጣ ወለሉ ንጹሕ፣ የወተት ዕቃው አዲስ ነው። ደስ አለው። "በሉ፣ ለምርመራ የምወስደው ወተት አሁን ይታለብልኝ" አለ። እናቴ ወደ እኔ አየች። ወጥታ ዳለቻን ፈታቻት።

ዳለቻ ማንም ሳይመራት ወደ ጥጉ ሄደች። ጥጉ ባዶ ነው። አንገቷን ዘረጋችና አየሩን ላሰች፤ በጥጃ ቁመት ልክ፣ መጀመሪያ ጀርባው የነበረበትን፣ ቀጥሎ ራሱ የነበረበትን። ከዚያ አቀርቅራ ሊሾውን ትልስ ጀመር። ሽርር፣ ሽርር። ግቷ ተወጠረ። እናቴ ዕቃውን ሞላችው።

"ምንድን ነው የምትልሰው?" አለ ተቆጣጣሪው።

"ልማዷ ነው፣ የኔ ጌታ።"

ወደ ታች አየና ቦቲውን ከዚያ ቦታ ቀስ ብሎ አነሳ። ወተቱ ተመረመረ፣ ደህና ሆነ፣ ፈቃዱም መጣ።

በዚያ ወተት ተምሬ ለወግ ለማዕረግ በቃሁ። ዳለቻ አርጅታ ሞተች። በረቱ ዛሬ ተለስኖ የኪራይ ክፍል ሆኗል፤ አንዲት ነርስ ትኖርበታለች። ባለፈው ፋሲካ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ነርሷ ጠርታ ጥጉን አሳየችኝ። "በጋም ሆነ ክረምት ይቺ ቦታ አትደርቅም። አልጋዬን ሁሉ አዛወርሁ" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ዳሰስሁት፤ ርጥብ ነው፣ ለብ ያለ። ጣቴን ቀመስሁት። ጨው ከሲሚንቶ ሥር ሰርጎ እንደሚወጣ አላጣሁትም። ግን ይህን ያህል ዘመን፣ ከአንድ እፍኝ?

እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ከመደቧ ብዙም አትነሳም። ጨው የምትጨምርበት እሷ እንደሆነች ጠየቅኋት።

"በሰው ቤት ምን ጥልቅ አደረገኝ? ምነው፣ ምን ሆነ?"

"ረጥቧል። ልክ ጧት ጧት እንደምናገኘው።"

ነጠላዋን ሰብስባ ዓይኗን ጠረገች።

"ሸጋ ነው" አለች። "ዳለቻ እንዳታለልኋት መሞቷ ነበር የሚቆጨኝ። እንግዲህ አገኘችው።"