አዲሱ መስተዋት እስኪመጣ

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ትኩስ ሻይ ስትቀዳልኝ ብርጭቆው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሻዩ ሳይፈስ አንስታ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችውና «ሌላ አለ እኮ እማማ፣ ምን ያስደነግጥዎታል?» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፤ ግን የዛሬ ሰው ሁሉን ነገር «ሌላ አለ» ብሎ ነው የሚያልፈው። እኔን ያ ድምፅ ወደ መቱ ከተማ፣ አባቴ አልጋ አጠገብ ወስዶ ጣለኝ።

አባቴ የኬላ ጸሐፊ ነበር። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ቡሬ ላይ ተቀምጦ ከጋምቤላ የሚወጣውን ጨውና ጨርቅ፣ ወደዚያ የሚወርደውን ቡና ሲመዘግብ ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ደረቱን ታሞ ወደ መቱ ተመለሰ። አልጋ ላይ መዋል ሲጀምር፣ ጎሬ የነበረ አንድ ግሪክ ወዳጁ ሱቁን ዘግቶ ወዳገሩ ሊሄድ ሲል አንድ ጉድ ሰጠው። ጠርዙ በናስ የተያያዘ የመስተዋት ሣጥን ነበር፤ ውኃ ተሞልቶ ዓሣ የሚኖርበት፤ ከነዓሣዎቹ ሰጠው። ያየው ሁሉ ሳቀ። እኛ የምናውቀው ዓሣ ወይ ወንዝ ውስጥ ነው ወይ ድስት ውስጥ፤ እልፍኝ ተቀምጦ እንግዳ የሚቀበል ዓሣ ማን አይቶ ያውቃል? የጎረቤት ልጆች «ቁርጡሚ! ቁርጡሚ!» እያሉ በኦሮሞኛ ዓሣዎቹን ይጠሩና በመስኮት ያዩ ነበር።

አባቴ ፊቱን ወደ ሣጥኑ አዙሮ መተኛት ለመደ። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ የውኃው ብርሃን ጣሪያው ሣር ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ያን ሰዓት ሳሉ የሚተወው ይመስለኝ ነበር።

ሣጥኑን የሰነጠቀችው እናቴ ናት፤ ያውም በሙያዋ። ለፋሲካ ቤቱን ስታጸዳ ዓሣዎቹን ወደ እንስራ አዛወረችና ሣጥኑን እንደ ጠላ ጋን ያዘችው። በግራዋ ቅጠል ፈተገችው፣ አለቀለቀችው፣ ከዚያም ሽታ እንዳይዝ ብላ የሚጨስ የወይራ ፍም ላይ ደፋችው። ባለሙያ ሴት ዕቃዋን የምታደርገው ይህንኑ ነው። ጭሱ ገና ሣጥኑን ሳይሞላው ጧ አለ። ስንጥቁ ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ መሀል ወረደ። እናቴ እጇን አፏ ላይ እንደጫነች ቀረች።

ገበያ በዋለ ቁጥር ከሁሩሙ ማር የሚያመጣልን ሰው ነበር። ሣጥኑን አገላብጦ አየና «በሰምና በሙጫ ነዋ እሜቴ፤ እኛ የተሰነጠቀ ቅል የምንደፍነው በዚያ ነው። ይቆያል ብዬ ግን አልምልም» አላት። የሰም እንክብልም ትቶላት ሄደ። እናቴ ደስ ብሏት ለአባቴ ልትነግረው ገባች።

«እንዳትነኩት» አለ። «ክረምት ባሮ ወንዝ ሲሞላ ጋምቤላ መርከብ ይመጣል። አዲስ መስተዋት አስመጣለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ምን?»

እናቴ ሰሙን በእጇ አገላበጠች። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ባሮ እስኪሞላ ብዙ ይቀራል። አባቴ ሐሳቧን ተረዳው።

«እኔን እስከ ክረምት አይደርስም ብለሽ ነው የምትጠግኚው?» አላት።

እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምተን አናውቅም። እናቴ ወጥታ ጓሮ አለቀሰች። በማግስቱ የሣጥኑን ልክ በክር ለክታ፣ ክሩን ቋጥራ ወደ ጋምቤላ ለሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ሰጠች። ስለ መጠገን ከዚያ በኋላ ያነሣ አልነበረም።

ዓሣዎቹ እንስራው ውስጥ ቀሩ። እናቴ ከሶር ወንዝ በሚቀዳ ውኃ እየለወጠች ታኖራቸው ነበር። አባቴ ከባዶው ሣጥን ጋር ፊት ለፊት ይተኛል። በየማለዳው እናቴ እንስራው አፍ ላይ ታጎነብስና «ዛሬ ትልቁ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ትንሿ አኩርፋለች» ብላ ትነግረዋለች። አንድ ቀን እኔም አጎንብሼ አየሁ። ጨለማ ነው፤ ምንም አይታይም። እናቴ ከልቧ እየፈጠረች ነበር የምትነግረው። እሱም ያወቀባት ይመስለኛል፤ ግን «ምን ሆና ነው ያኮረፈችው?» እያለ ይጠይቃት ነበር።

እኔ በሁለቱም ተናድጄ ነበር። ሰሙ አለ፣ ሣጥኑ አለ፣ ዓሣዎቹ አሉ፤ እሱ ግን ባዶ መስተዋት ላይ አፍጥጦ ይውላል። ይኸው አርጅቼም ሳስበው እናደዳለሁ።

ግንቦት ሲያልቅ ዝናብ ጣለ። ቤቱ እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር ይሸት ጀመር፤ የአባቴም ሳል ባሰ። አንድ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ የዓሣዎቹን ወሬ ስትጀምር አቋረጣት።

«ጠግኑት» አለ።

እኔ ከደስታዬ ብዛት ዘለልኩ። እናቴ ግን «አይጠገንም!» ብላ ጮኸች። ባሏ ላይ ጮኻ አታውቅም። «አዲሱ ይመጣል! ልኩን ልኬያለሁ እኮ። ዝናቡም ጀመረ፣ ባሮ ሊሞላ ነው። አዲስ አስመጣለሁ ያሉት እርስዎ ራስዎ አልነበሩም እንዴ…» ያኔ ነው «ጠግኑት» ማለቱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ዝላዬን ትቼ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ።

አባቴ እጁን ዘረጋላት። «ይመጣል» አላት። «እኔ ግን ዛሬ ልያቸው።»

እናቴ ሰሙን አልነካም አለች። እኔ አቀለጥኩት፤ አባቴ ከአልጋው ሆኖ «ቀስ በዪ፣ ጠርዙን እንዳትዘልይው» እያለ አስደፈነኝ። ውኃ ስንሞላበት ጠብ ጠብ ማለቱን አልተወም፤ ከሥሩ ጨርቅ አነጠፍንለት። ዓሣዎቹ ከጨለማ ሲወጡ መጀመሪያ ዝም ብለው ቆሙ፤ ቆይተው መዋኘት ጀመሩ።

አባቴ ሰኔን አልጨረሰም። የመጨረሻዎቹን ቀናት ብዙም አላስታውስም፤ ሣጥኑን የጠገንንበትን ቀን ግን አልረሳውም። እናቴ መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እሱ እንደ ልጅ በጣቱ እየጠቆመ «ያውልሽ ትልቁ! አየሽው?» ይላታል።

«አየሁት» ትለዋለች። ዓይኗን ግን አንድ ጊዜም ከፊቱ ላይ አላነሣችም።