መልስ የማይጠብቅ ራዲዮ

ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ እሱም በቅጡ አልተቆጠረም። ይህን ስጽፍ እንኳ አንዳንዱን ቃል እየፋቅሁ እንደገና እጽፈዋለሁ። ለምን ጎደሎ ሆነ ብትሉኝ በአንድ ራዲዮ ምክንያት ነው። ዘመኑ አልፏል፣ ደርግም ሄዷል፣ የኔ ንዴት ግን እስካሁን አለ።

ያን ጊዜ ከመተማ ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ አንድ የመንግሥት እርሻ ነበር፤ እዚያ የቀን ሠራተኛ ነበርሁ። ክረምቱ እስኪገባ ሥራችን ምንጠራ ነው፣ ቁጥቋጦ መቁረጥ፣ ጉቶ ነቅሎ ማቃጠል። የቆላን ሚያዝያ ያላየ ሰው ምን ብነግረው አይገባውም። መሬት ላይ አስቀምጠኸው የቆየ መጥረቢያ ብረቱ አያስነካም። እኛ እዚያ ስንቃጠል ትራክተሩ ባጠገባችን ያልፋል፤ ነጂው ጥላ ሥር ተቀምጦ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ አቧራውን ለኛ ትቶ። እሱን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ እመኝ ነበር፤ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ።

አንድ ቀን የእርሻው ኃላፊ ሰበሰበንና ለክረምቱ ትራክተር መንዳት የሚማሩ ሰዎች ከኛው መካከል እንደሚመረጡ ነገረን። ነገር ግን ማንበብ የሚችል ብቻ ነው አለ። የማይችል አሁን በሚከፈተው መሠረተ ትምህርት ይማርና ዝናብ ሲጥል መጥቶ እፊቴ ያንብብ፣ ካነበበ ይወሰዳል አለ። እኔ የዚያን ዕለት እንጨቱን ስቆርጥ የዋልሁት በሌላ ጉልበት ነው።

አስተማሪዋ ከጎንደር የመጣች ወጣት ነበረች። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና አንድ ትልቅ ራዲዮ ይዛ መጣች። የሣር ዳስ ሠራንላት። ትምህርቱ በራዲዮ ነው ተባለ፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ራዲዮኑ ይናገራል፣ እሷ ሰሌዳው ላይ ታመለክታለች፣ እኛ ተከትለን እንላለን። ሰው ሁሉ ደስ አለው። የመጀመሪያው ቀን ዳሱ ሞልቶ ውጭ የቆመው ይበዛ ነበር፤ ፊደል ሊማር ሳይሆን ራዲዮኑን ሊያይ።

ሰውየው ከራዲዮኑ ውስጥ መናገር ጀመረ። ድምፁ ያማረ ነው፣ እሱን አልክድም። "ተማሪዎች፣ ይህ ፊደል ማን ነው?" ይላል። እኛ የትኛውን እንደሆነ ሰሌዳው ላይ ገና ስንፈልግ ትንሽ ዝም ይልና "በጣም ጥሩ፣ ልክ ናችሁ" ብሎ ያልፋል። ማን ነው ልክ? አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ሌላ ፊደል ይጠራል፣ ደግሞ ያመሰግነናል። ከጎጃም የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ተነሥተው ለራዲዮኑ "ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡን እንጂ፤ ያለፈውንም ገና አላየነው" አሉት። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ራዲዮኑ እንደማይሰማቸው ሽማግሌው ጠፍቷቸው አይደለም፣ ተናደው ነው። እኔም ተናድጄ ነበር፣ አልሳቅሁም።

እየዋለ ሲያድር ሰው መቅረት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ጉቶ ሲነቅል የዋለ ሰው ምን አቅም አለው። አስተማሪዋ ብልሃት አገኘች፤ ትምህርቱ ሲያልቅ የሱዳኑን ጣቢያ ትከፍትላቸዋለች። የሱዳን ዘፈን እዚያ አገር ያልለመደ የለም፣ ድንበሩ እዚሁ ነው። ወዲያው ዳሱ እንደገና ሞላ። ግን አመጣጡን እዩልኝ። ፊደሉ ሲነገር ምሰሶ ተደግፎ የሚያንቀላፋው ሁሉ ዘፈኑ ሲጀምር ይነቃል፣ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ የሚያጨበጭበው ያጨበጭባል። እኔ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ልለይ ስሞክር ከኋላዬ ጭፈራ ነው።

አንድ ቀን ሰዉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀረሁና ተናገርኋት።

"መምህርት፣ ይኸን ሣጥን ዝጊውና በራስሽ አፍ አስተምሪን። አንቺ ስንሳሳት ታይናለሽ፤ እሱ አያየን።"

"አልችልም። በራዲዮ አስተምሪ ተብዬ ነው የተላክሁት" አለችኝ። ጠመኔዋን ከእጇ እያራገፈች ነበር። "ደግሞስ እነዚህ ሰዎች ለኔ ብለው የሚመጡ ይመስልዎታል?"

አላመንሁላትም። እኔ ግትር ነኝ።

ዘፈኑ ባትሪውን ጨረሰው። የራዲዮኑ ሰውዬ ወባ እንደያዘው ሰው ድምፁ እየሰለለ ሄደ። አዲስ ባትሪ ከጎንደር ይላካል ተባለ፣ መኪናው መጣ፣ ባትሪው አልመጣም። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ሱቆች ውስጥ ሞልቷል፣ ድንበሩ ግን ያን ሰሞን ይጠበቃል። የክፍላችን አለቃ ከወሎ የመጣ ሰው ነበር፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለዘፈኑ የሞተ። ምን አሳሰባችሁ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ አለ። ፀሐይ ላይ ማስጣቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የደከመ ባትሪ ሲሞቅ ጥቂት ይነሣል። ግን የቆላ ሰው ጧት ላይ ትንሽ አሙቆ ያነሣዋል። እሱ ሆዬ እንደ አገሩ ደጋ መስሎት ባትሪዎቹን የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ደርድሮ ምንጠራ ዋለ። ስንመለስ ባትሪው አብጦ ጥቁር ውሃ አንጠባጥቧል። በጋቢው ጫፍ ጠረገና መልሶ ከተተው። ራዲዮኑ ጥቂት ጮኸ። ከዚያ በኋላ ግን አልተናገረም። ቆየት ብለው ጀርባውን ሲከፍቱት ያ ጥቁር ውሃ ሽቦውን በልቶታል።

"በኛ አገር እኮ ከጧት እስከ ማታ ነው የሚሰጣ" ይላል ደጋግሞ፣ ራሱን ይዞ።

እኔ እሰይ ብያለሁ። አስተማሪዋም ያላት ጠመኔ ብቻ ሆነና ማስተማር ጀመረች። ለካ እኛ ፊደሉን የያዝነው እንደ ዜማ በተርታ ኖሯል፤ ከመሐል ነጥላ ስታሳየን ጠፋን። ፊተኛውን በመዳፏ እየሸፈነች "ይቺስ? ይቺስ?" ትለናለች። የሳትሁትን አትለቀኝም ነበር፣ እስክለያት እዚያው ታቆመኛለች። በዚያ ሰሞን ሁለት ፊደል አጋጥሜ ቃል አነበብሁ። "ለካ ይችላሉ" አለችኝ፤ ደስታዬን ምን ልበላችሁ።

ሰዉ ግን ቀረ። በየጎጆው እየዞርሁ ኑ እንጂ፣ አሁን ነው ትምህርቱ የጀመረው ብል ማን ይሰማኛል። የወሎው ሰውዬ ከተጋደመበት ቀና ብሎ አየኝና "አንተ መዝፈን ትችላለህ?" አለኝ። የተጋደሙት ሁሉ ሳቁ። በመጨረሻ ዳሱ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ የጎጃሙ ሽማግሌና ጥቂት ሰዎች ሆንን። እንዲህ እያለን ተቆጣጣሪ መጣ። ባዶውን መደብ አየ፣ የሞተውን ራዲዮ አየ። ፊደላችንን አልጠየቀንም። ሰው በሌለበት ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ራዲዮ ወዳለበት ሌላ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ወሰዳት። ፊደሉን ገና ግማሽ ደርሰን ነበር።

ዝናቡ ጣለ። ኃላፊው ጠራንና ተራዬ ሲደርስ ወረቀት ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ቃል አነበብሁ፣ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ያልደረስንበት ፊደል መጣና ቆምሁ።

"ቀጥል" አለኝ።

"የተማርሁት እዚህ ድረስ ነው።"

"ምነው፣ ራዲዮ ተልኮላችሁ የለም እንዴ?"

"ተልኮልን ነበር" አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ።

የተወሰዱት ድሮ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ሁለት የጎጃም ልጆች ናቸው። እኔ ማሽላ አረም ገባሁ። ጭቃው እስከ ጉልበት እየዋጠኝ በማን እንደምናደድ አጣሁ። አስተማሪዋ እውነቷን ነበር፣ ሰዉ የመጣው ለዘፈኑ ነው። እኔም እውነቴን ነበር፣ ፊደል ያስያዘኝ መዳፏ ነው። ድካሙን በዘፈን የሚረሳ የቀን ሠራተኛንስ ምን ትለዋለህ? የቀሩትን ፊደላት ከሰሊጥ ጆንያና ከመኪና በር ጽሑፍ ላይ በብዙ ዓመት ለቃቀምኋቸው። ያኔ ደግሞ ዓይኔ ደክሞ፣ ትራክተር የሚያስይዘኝ አልነበረም።