ቀይ ኳሴ የተለጠፈችበት ከመነዳሪ

ነገሩ የደረሰብኝ ካቻምና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከልቤ አልወጣ ያለው፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያረዳኝ አንድ አሮጌ ከመነዳሪ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ስለሆነ ነው።

የምንኖረው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ከእናቴ ጋር ያረጀ ከመነዳሪ እየተለተልን ለአልጋ ጠፍር እንሸጣለን። ላስቲኩን የምናገኘው ፒያሳ ካለ ጎሚስታ ነው።

አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ላንድሮቨር ይዞ ወደ ሰሜን ከተላከ ዓመት አልፎት ነበር። እናቴ ልትጠይቅ መሥሪያ ቤቱ ስትሄድ በር ላይ «ግዳጅ ላይ ናቸው» ይሏታል። እሷም ለጎረቤት «ግዳጅ ላይ ነው» ትላለች።

አባቴ ጭቃ ሲገጥመው የጎማውን ንፋስ ያጎድላል። ያን ጊዜ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ውስጥ ያለውን ከመነዳሪ አብሮ ይጎትታል፤ ንፋስ የሚሞላበት አንገቱ ይበጠሳል። ስለዚህ ሊሄድ ሲል የተቀደደች ቀይ ኳሴን በመቀስ ክብ አድርጎ ቆረጠና አንገቱ ሥር በማስቲሽ ለጠፋት። ላስቲኩ ከጎማው ጋር እንዳይፋተግም የታናሽ ወንድሜን የሕፃን ፓውደር ነሰነሰበት። እናቴ «ልትድረው ነው እንዴ?» ብላ ስቃበታለች።

ያን ቀን ጎሚስታው ጋሼ ተካ ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣች ዝምታዬ! ዛሬም በጣት ነው የምንነጋገረው?» አሉ። ሰው ፊት መናገር ስለሚያሳፍረኝ የምፈልገውን ሁልጊዜ በጣቴ ነው የማሳያቸው። ደጃፋቸው ላይ ጭቃ የለበሰ ላንድሮቨር ቆሟል። ሹፌሩ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጋሼ ተካ ከጎማው ያወጡትን ከመነዳሪ አገላብጠው አዩና «ይሄ እንኳን አበቃለት፤ አንገቱ ተገንጥሏል። ያንቺ ነው፣ ውሰጂው!» ብለው ወረወሩልኝ።

ሳነሳው እጄ በነጭ ዱቄት ተለወሰ። የተገነጠለው አንገት ሥር ቀይ ክብ ነገር አየሁ። የኳሴ ነጭ መስመር እንኳ አልጠፋም።

«ይሄ… የአባቴ ነው» አልኩ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ።

«አባትሽ ማነው?» አለኝ ሹፌሩ።

ስሙን ስነግረው ከድንጋዩ ተነሣና ኮፍያውን አወለቀ። ሰፈራችንን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«የዕድራችሁ ዳኛ ማን ይባላሉ?»

እሱንም ነገርኩት። ከተናገርኩ በኋላ ነው የገባኝ። የምሥራች የያዘ ሰው በቀጥታ ቤት ድረስ ይሮጣል እንጂ የዕድር ዳኛ አያፈላልግም። ወደ ጋሼ ተካ ዞርኩ። ያ ሁሉ ቀልዳቸው ጠፍቶ፣ አቀርቅረው መዶሻ ይጠርጋሉ።

«አባቴ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሂጂ የኔ ልጅ። መንገድ ላይ አይወራም» አለኝ ሹፌሩ።

ማታ እናቴ ራት አቀረበች። «ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ መንገዱ ይደርቃል። አባትሽ ለመስቀል ሳይመጣ አይቀርም» አለች። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። እኔ ብቻዬን ባረዳት፣ ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ከመነዳሪውን አልጋ ሥር ደብቄ «ይመጣል» አልኳት። እሷ ተኛች። እኔ በሩን ሳዳምጥ አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። እናቴ ከእንቅልፏ ነቅታ «ማነው በዚህ ሰዓት?» አለች። የበሩን መወርወሪያ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

አባቴ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። «ግዳጅ ላይ ናቸው» ሲሉን አፈር ከለበሰ ቆይቷል። መኪናውን የተረከበው ያ ሹፌር፣ ማንም ሳያዘው፣ እስከ ሣልስቱ ድረስ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ።

ሹፌሩን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። እናቴ ያችን ሌሊት ባሏ በሕይወት እንዳለ አምና ተኝታለች። በር ላይ ሲመልሷት የነበሩትን ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ከመነዳሪውን አልተለተልነውም፤ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። አሁንም የማገኘውን ከመነዳሪ ሁሉ ቢላዋ ከማሳረፌ በፊት አንገቱን አገላብጬ አያለሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም።